ስለ ነፍሳት ደም፤ ቍስልን እንዴት እንደሚደፍንና ባክቴሪያን እንዴት እንደሚይዝ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለንባብ ዐዋቂ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በገጠር የሚኖር ሰው ንብን፣ ጉንዳንን፣ አንበጣን፣ ዝንብንና ቅማልን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን እነዚህ ትንንሽ ፍጥረቶች የራሳቸው ደም እንዳላቸው ብዙ ሰው አያስብም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ እንኳ ነፍሳትን ደም ከሌላቸው እንስሳት ወገን ቈጥሯቸው ነበር፤ በእነርሱ ዘንድ እንደ በግና እንደ በሬ ያለ ቀይ ደም አይገኝምና።

ነፍሳት ግን ደም አላቸው። ደማቸውም ምግብን ወደ አካል ሁሉ ከማድረሱ በላይ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛው ቆዳ በተቀደደ ጊዜ ረግቶ ቀዳዳውን መድፈን ነው፤ ሁለተኛውም በቀዳዳው የገቡትን ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቅ ተሐዋስያን መያዝና ማጥፋት ነው። ይህ ትምህርት የሚያስረዳው ዋና ነገር፣ እነዚህ ሁለት የሚመስሉ ሥራዎች በነፍሳት ደም ውስጥ በአንድ ወገን ሠራተኞች የሚፈጸሙ አንድ ሥራ መሆናቸውን ነው። ይህም ዕውቀት ለማወቅ ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ በቅማል ደም ስለሚመጣው በሽታ ሰው ራሱንና ልጆቹን እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ ይኸውም በመጨረሻው ክፍል ይገለጻል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የነፍሳት ደም ምን እንደሚመስል

የሰው ደም ከልብ ወጥቶ በደም ሥር ውስጥ እንደ ታጠረ ሆኖ ይዞራል፤ ከዚያም ወደ ልብ ይመለሳል። የነፍሳት ደም ግን እንዲህ አይደለም። በሰውነታቸው ውስጥ ባለው ባዶ ስፍራ በነጻ ይፈስሳል፤ አንጀቱንም፣ ጡንቻውንም፣ ስቡንም በአንድነት ያጥባል። በጀርባቸው በኩል ከኋላ ዠምሮ እስከ ራስ የሚዘልቅ አንድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ እርሱም እየተኰማተረና እየተዘረጋ ደሙን ወደ ራስ ይገፋዋል። ይህ ቱቦ የነፍሳት ልብ ነው። ጣልያናዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ በ1669 ስለ ሐር ትል ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የጀርባ ልብ ገልጾታል። ቆዳው ስስ በሆነ ትል ጀርባ ላይ አተኵሮ የተመለከተ ሰው የልቡን እንቅስቃሴ ያለ መሣሪያ ሊያይ ይችላል።

ደማቸው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ውኃ የጠራ፣ ወይም ጥቂት ብጫነት ወይም አረንጓዴነት ያለበት ነው። የማይቀላበትም ምክንያት አለው። በሰው ደም ውስጥ ያለው ቀይ ነገር ሥራው ከሳንባ አየርን ተቀብሎ ወደ አካል ሁሉ ማድረስ ነው። ነፍሳት ግን ሳንባ የላቸውም፤ በጎናቸው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የገባው አየር በቀጫጭን ቱቦዎች እየተከፋፈለ በቀጥታ ወደ እያንዳንዱ አካል ይደርሳል። ስለዚህ አብዛኛዎቹ አየር የሚሸከም ቀይ ደም አያስፈልጋቸውም። የወባ ትንኝ በተመታች ጊዜ በእጅ ላይ የሚታየው ቀይ ደም የእርሷ ደም ሳይሆን ከሰው ወይም ከከብት የጠጣችው ነው፤ ይህንንም መምህሩ ለልጆች በሚገባ ያስረዳ።

ደሙ በነጻ መፍሰሱ ነፍሳትን ለታላቅ አደጋ ያጋልጣቸዋል። አጥንት የሌለው ለስላሳ ትል ሰውነቱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ በውኃ እንደ ተሞላ አቍማዳ፣ በውስጡ ባለው ደም ግፊት ነው። አቍማዳው በእሾኽ ቢወጋ ውኃው እንደሚፈስስ፣ ትሉም ቢወጋ ደሙ በፍጥነት ይወጣል። ደግሞም በዚያ ቀዳዳ የገባ ባክቴሪያ የሚያግደው የደም ሥር ግድግዳ ስለሌለ ከደሙ ጋር ወደ አካል ሁሉ ይደርሳል። የደሙ መውጫና የጠላቱ መግቢያ አንድ በር ነው። ስለ ሆነም በሩን የሚዘጋውና ጠላቱን የሚይዘው ሠራተኛ በአንድነት ካልሠሩ ፍጥረቱ በሕይወት ሊኖር አይችልም።

2ኛ፤ በደሙ ውስጥ ስለሚገኙት ሕዋሳት

የነፍሳት ደም በማይክሮስኮፕ በታየ ጊዜ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ ብዙ ሕዋሳት ይታያሉ። ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው አካል ሁሉ የተሠራበት፣ በዐይን ብቻ የማይታይ ትንሽ ክፍል ነው። የደሙ ሕዋሳት ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ለዚህ ትምህርት ግን ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹ በውስጣቸው እንደ ጤፍ ፍሬ ያሉ ቅንጣቶችን የያዙ ስለ ሆኑ ባለ ቅንጣት ሕዋሳት ሊባሉ ይገባል፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ግራኑሎሳይት ይሏቸዋል። ቅንጣቶቹ ደምን የሚያረጋውን ነገር ይዘዋል።

ሁለተኛዎቹ ፕላዝማቶሳይት ይባላሉ። እነዚህ ባዕድ ነገር ባገኙ ጊዜ እንደ ሊጥ ይዘረጋሉ፤ ይጠፈጥፋሉ፤ አንዱም በሌላው ላይ እየተነባበረ ያገኙትን ነገር ይሸፍናሉ።

ሦስተኛዎቹ በቍጥር ጥቂቶች ናቸው፤ በቢራቢሮና በእሳት እራት ወገን ኢኖሲቶይድ ይባላሉ። ደሙን የሚያጠቍረውን ነገር ያዘጋጃሉ።

3ኛ፤ ቆዳው በተቀደደ ጊዜ ደሙ እንዴት እንደሚረጋ

የትል ቆዳ በመርፌ ሲወጋ አንዲት ጠብታ ደም ትወጣለች። በዚያን ጊዜ በቍስሉ አጠገብ ያሉት ባለ ቅንጣት ሕዋሳት ወዲያው መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ብዙዎቹም ይፈነዱና በውስጣቸው የነበረውን ቅንጣት ወደ ደሙ ያፈስሳሉ። ከዚያ የወጣው ነገር በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ይያያዛል፤ ቀጫጭን ክሮችም ይሆናል። ወተት ረግቶ እርጎ እንደሚሆን፣ ፈሳሽ የነበረው ደምም በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ወፍሮ እንደ ረጋ ነገር ይሆናል። ክሮቹ መጀመሪያ የላሉ ናቸው፤ በኋላ ግን ኤንዛይም የተባለው፣ እንደ እርሾ ሥራን የሚያፋጥን ነገር፣ አንዱን ክር ከሌላው ጋር አጥብቆ ያስረዋል። ከዚህ በኋላ ፕላዝማቶሳይቶች መጥተው በረጋው ደም ላይ ይዘረጋሉ፤ ከሥሩም አዲስ ቆዳ እስኪበቅል ድረስ ቀዳዳው ተደፍኖ ይቈያል።

ቤልጅጋዊው ሊቅ ሻርል ግሬጓር በ1950ዎቹ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የነፍሳት ዓይነቶችን ደም በማይክሮስኮፕ መርምሯል። የደሙ አረጋግ በሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም አስረዳ። በአንዳንዶቹ ደሙ በሕዋሳቱ ዙሪያ ብቻ እንደ ደሴት ይረጋል፤ በሌሎቹ ሕዋሳቱ ረዣዥም ክሮችን ዘርግተው መረብ ይሠራሉ፤ በአንዳንዶቹም ዘንድ መርጋቱ በማይክሮስኮፕ አይታይም።

እንግዲህ መምህሩ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ይህ መረብ የሚሠራው ደሙን ለማስቆም ብቻ አለመሆኑን ነው። በመርፌው ወይም በእሾኹ ጫፍ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች በዚያው መረብ ውስጥ ተጠላልፈው ይቀራሉ። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳሉ፣ ለብቻው ሲሆን እጅግ ደካማ የሆነው ክር ከሌሎቹ ጋር በተባበረ ጊዜ ጠላትን የሚያስር እስር ቤት ይሆናል።

4ኛ፤ የረጋው ደም ስለ ምን እንደሚጠቍር

የተወጋው ትል ቍስል ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡናማ፣ ከዚያም ጥቁር ይሆናል። ልጆች ይህን አይተው ቍስሉ በሰበሰ ይሉ ይሆናል፤ ነገሩ ግን መበስበስ ሳይሆን መከላከያ ነው።

በደሙ ውስጥ ፌኖሎክሲዴዝ የሚባል ኤንዛይም አለ። በሰላም ጊዜ እንደ ተቀፈደደ ሆኖ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ቆዳ ሲቀደድ፣ ወይም የባክቴሪያ ወይም የሻጋታ ልባስ በደሙ ውስጥ ሲገኝ፣ በተራ የሚቀሰቀሱ ሌሎች ኤንዛይሞች ይፈቱታል። እርሱም ከተፈታ በኋላ ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ነገር ያስገኛል። ሜላኒን የሰውን ቆዳና ጠጕር የሚያጠቍረው ነገር ወገን ነው። ይህ ጥቁር ነገር የረጋውን ደም ያጠነክረዋል፤ በሚሠራበትም ጊዜ የሚወጡት ነገሮች ለባክቴሪያ መርዝ ናቸው።

ይሁን እንጂ ያ መርዝ ለራሱ ለትሉም አካል ክፉ ነው። ስለዚህ ደሙ የሚያጠቍረውን ኤንዛይም በየስፍራው የሚገቱ ሌሎች ነገሮችንም ይዟል፤ በዚህም ምክንያት ጥቍረቱ በቍስሉ ስፍራ ብቻ ይወሰናል፤ ወደ መላው አካል አይዛመትም።

ይህን የሚመስል ነገር በእያንዳንዱ ቤት ይታያል። ጥሬ ድንች ተቈርጦ ጥቂት ጊዜ ቢቀመጥ ፊቱ ይጠቍራል፤ ይህም በድንቹ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ኤንዛይም አየር ስለ ነካው ነው። የተቀቀለ ድንች ግን ቢቈረጥም እንዲያ አይጠቍርም፤ ኤንዛይሙ በእሳት ኀይል ፈርሷልና። መምህሩ ጥሬውንና የተቀቀለውን ድንች ጐን ለጐን አስቀምጦ ቢያሳይ ልጆች ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል።

5ኛ፤ ባክቴሪያ ወደ ደሙ በገባ ጊዜ

አንዳንድ ጊዜ ባክቴሪያው ከቍስሉ መረብ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያን ጊዜ የደሙ ሕዋሳት በሁለት መንገድ ይቋቋሙታል። ባክቴሪያው በቍጥር ጥቂት ከሆነ አንዱ ሕዋስ ለብቻው አንዱን ባክቴሪያ ይውጠዋል፤ በሆዱም ውስጥ ያጠፋዋል። ብዙ ከሆነ ግን አንዱ ሕዋስ ለብቻው ሊችለው አይችልም፤ ስለዚህ ሕዋሳቱ በማኅበር ቋጠሮ ይሠራሉ።

የዚህን ቋጠሮ አሠራር ሊቃውንት በደንብ ያጠኑት በሰም ትል ላይ ነው። የሰም ትል በደከመ የንብ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ሰሙን እየበሳ የሚበላ፣ በኋላም አድጎ አመድማ የሰም እራት የሚሆን ትል ነው፤ ንብ የሚያረቡ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ሁሉ ጥፋቱን ያውቁታል። በዌልስ አገር በስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው ሊቅ ኖርማን ራትክሊፍ ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1970ዎቹ ባክቴሪያን በሰም ትል ደም ውስጥ በመርፌ እየከተተ፣ ከዚያም ሕዋሳቱን በየሰዓቱ እያወጣ መረመረ። የተገለጠውም ነገር እንደዚህ ነው።

ባክቴሪያው እንደ ገባ በደቂቃዎች ውስጥ ባለ ቅንጣት ሕዋሳት ይነኩታል፤ በነኩትም ጊዜ ቅንጣታቸውን ያፈስሳሉ። በዚያ ስፍራ ያለው ደም ይረጋል፤ ባክቴሪያዎቹም ሕዋሳቱም በረጋው ውስጥ በአንድነት ይያዛሉ። ወዲያውም የረጋው ነገር መጥቈር ይዠምራል። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው። 2 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ክፍል ይዠመራል፤ ፕላዝማቶሳይቶች ከየስፍራው መጥተው በጥቁሩ ቋጠሮ ዙሪያ ይለጠፋሉ፤ እየተዘረጉም እንደ ሽንኵርት ልባስ ይደራረባሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ቋጠሮው ተፈጽሞ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ ከትሉ አካል የተለየ እስረኛ ነው።

እንግዲህ ከላይ በ3ኛው ክፍል ስለ ቍስል የተነገረውና አሁን ስለ ባክቴሪያ የተነገረው ቢመዛዘኑ አንድ ሆነው ይገኛሉ። መጀመሪያ ባለ ቅንጣቱ ሕዋስ ይፈነዳል፤ ደሙ ይረጋል፤ ይጠቍራል፤ በመጨረሻም ተዘርጊው ሕዋስ ይሸፍነዋል። ቋጠሮ ማለት ቍስል በሌለበት ስፍራ የተሠራ የቍስል መድፈኛ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አንድነት ለነፍሳት የሩቅ ዘመድ በሆነ በአንድ የባሕር ፍጡር ዘንድ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። በአሜሪካ የባሕር ዳር የሚገኝ፣ ጀርባው የፈረስ ኮቴ የሚመስል ባለ ብዙ እግር ፍጡር አለ። ፍሬደሪክ ባንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደዚህ ፍጡር አካል በገባ ጊዜ ደሙ በሙሉ ረግቶ እንደሚገድለው በ1956 አስታወቀ። በኋላም እርሱና ጃክ ሌቪን በ1964 ከባክቴሪያው ልባስ የወጣ እጅግ ጥቂት ነገር እንኳ ደሙን እንደሚያረጋው አሳዩ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለሰው በመርፌ የሚሰጡ መድኀኒቶች ከባክቴሪያ መርዝ ንጹሕ መሆናቸው በዚህ ፍጡር ደም ሲመረመር ኖሯል። ደሙ ከረጋ መድኀኒቱ ንጹሕ አይደለም።

6ኛ፤ ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ተገኘ

ሕዋስ ጠላትን እንደሚውጥ አስቀድሞ ያስተዋለው ከመስኮብ የመጣው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮቭ ነው። በ1882 በሲሲሊያ ደሴት በመሲና ከተማ ሳለ፣ ሰውነቱ እንደ መስተዋት በሚያሳይ የባሕር ኮከብ ጫጩት ውስጥ የጽጌረዳ እሾኽ ሰካ። በማግሥቱም ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት በእሾኹ ዙሪያ ተሰብስበው አገኘ። ከዚያ ተነሥቶ ሕዋሳት የአካል ጠባቂዎች መሆናቸውን አስተማረ፤ በ1908ም ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ከእርሱ በኋላ ሰርጌይ ሜታልኒኮቭ በፓሪስ በፓስተር ተቋም የሰም ትልን መረመረ። በ1920ዎቹ ባሳተማቸው ሥራዎቹ፣ በደከመ ባክቴሪያ አስቀድሞ የተወጋ ትል በማግሥቱ ሌላውን የሚገድል ባክቴሪያ ሊቋቋም እንደሚችል አስረዳ። ነገር ግን የዚህ ምክንያት ሕዋሳቱ ብቻ አልነበሩም። ስዊድናዊው ሃንስ ቦማንና ባልደረቦቹ በ1981 በአሜሪካ ከሚገኝ ትልቅ የእሳት እራት ደም ባክቴሪያን የሚገድል ትንሽ ፕሮቲን አውጥተው ሴክሮፒን አሉት። ይህ ነገር በብዛት የሚሠራው ሆድ ዕቃውን በከበበው ስብ ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያ ከገባ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቈይቶ ወደ ደሙ ይፈስሳል። ስለዚህ ሕዋሳቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጠላትን ይይዛሉ፤ ከእነርሱ ያመለጠውን ደግሞ በኋላ የሚመጣው መድኀኒት ያጠፋል።

በ1996 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ዡል ኦፍማንና ባልደረቦቹ፣ ቶል የሚባል የውርስ ክፍል የጐደላት የፍሬ ዝንብ ሻጋታን መቋቋም አቅቷት እንደምትሞት አገኙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይህን የሚመስሉ ክፍሎች በሰው አካልም እንዳሉ ታወቀ። ኦፍማን በ2011 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ከዝንብ የተማረው ሰው ስለ ራሱ ደም ተማረ።

7ኛ፤ ይህ ጥበቃ የሚሸነፍበት ጊዜ

የነፍሳት ደም ጠንካራ ጠባቂ ቢሆንም ሁልጊዜ አያሸንፍም። ከዐፈርና ከውኃ የሚገኝ ፕሴዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ እጅግ በጥቂት ቍጥር እንኳ ወደ ሰም ትል ደም ቢገባ ይበዛና ትሉን ይገድለዋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን በብዙ ሺህ ቢገቡ ተይዘው ይጠፋሉ። ስለ ሆነም ሊቃውንት የአዲስ መድኀኒትን ኀይል በአይጥ ከመፈተናቸው በፊት በሰም ትል ይፈትናሉ።

ሌላው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባለው ነው። ጃፓናዊው ኢሺዋታ በ1901 ከታመመ የሐር ትል አገኘው፤ ጀርመናዊው ኤርንስት በርሊነርም በ1911 በቱሪንጊያ አውራጃ ከዱቄት እራት ትል አገኘው። ይህ ባክቴሪያ በቆዳ በኩል አይገባም። ትሉ ከቅጠል ጋር ሲበላው መርዙ አንጀቱን ይበሳል፤ ከዚያም ባክቴሪያው ከውስጥ በኩል ወደ ደሙ ይፈስሳል። በሩ አንድ ጊዜ በብዙ ስፍራ ስለ ተከፈተ የደሙ ሕዋሳት ሊደፍኑት አይችሉም። ገበሬዎች በብዙ አገር ይህን ባክቴሪያ ሰብልን የሚበሉ ትሎችን ለማጥፋት ይጠቀሙበታል።

8ኛ፤ ስለ ቅማል፤ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ

ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ከቀናት ዘግይቶ የሚመለሰው፣ ግርሻ የሚባለው በሽታ በቅማል ይመጣል። በኢትዮጵያም በብርድና በዝናብ ወራት ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበት፣ ልብስም በማይቀየርበት ስፍራ ሲታይ የኖረ በሽታ ነው። የበሽታው ባክቴሪያ ቦሬሊያ ይባላል። ቅማሉ የበሽተኛውን ደም ሲጠጣ ቦሬሊያው ከአንጀቱ ወጥቶ በራሱ በቅማሉ ደም ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ይበዛል። ከላይ የተነገሩት ጠባቂዎች ሊያጠፉት አይችሉም።

በቱኒስ የፓስተር ተቋም አለቃ የነበረው ሻርል ኒኮልና ባልደረቦቹ በ1912ና በ1913 በሽታው የሚተላለፈው በንክሻው ሳይሆን ቅማሉ በሚጨፈለቅበት ጊዜ መሆኑን አረጋገጡ። ቅማል በጥፍር ሲፈጭ ቆዳው ይቀደዳል፤ ደሙም ባክቴሪያውን ይዞ በጣት ላይ ይፈስሳል። ከዚያም ሰውየው ሰውነቱን ሲያክ በተፋቀው ቆዳ፣ ወይም ዐይኑን ሲያሻሽ በዐይኑ በኩል ባክቴሪያው ይገባል። ቅማልን በጥርስ የሚገድል ሰውማ በሽታውን በገዛ አፉ ይቀበላል። በቅማል የሚመጣው ሌላው በሽታ ተስቦ ደግሞ በቅማሉ ኩስ ይተላለፋል፤ ኩሱ በሚታከክ ቆዳ ውስጥ ይገባልና።

ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች በቤተ ሰቡና በመንደሩ ይህን ይንገሩ። ቅማል በጥፍርም በጥርስም አይጨፍለቅ። ልብስና የመኝታ ጨርቅ በፈላ ውኃ ይቀቀል፤ የማይቀቀለውም በጋለ ካውያ ይተኰስ፤ በተለይም ቅማሉና ቅጫሙ የሚደበቁበት የስፌቱ መስመር በደንብ ይተኰስ። ቅማል የነካ እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ። ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለሁለቱም በሽታዎች የሚያድን መድኀኒት አለና።

9ኛ፤ በትምህርት ቤት ስለሚደረግ ሙከራ

ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው ከጎመን ላይ የተለቀሙ ጠጕር የሌላቸው ሁለት ትሎች፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ንጹሕ የመስተዋት ቍራጭና፣ ቢገኝ፣ አጉሊ መነጽር ነው። ጠጕራም ትል ቆዳን ስለሚለበልብ አይነካ። መምህሩ የመርፌውን ጫፍ በእሳት አግሎ ካቀዘቀዘ በኋላ የአንደኛውን ትል የኋላ እግር በቀስታ ይውጋ፤ የወጣችውንም ጠብታ በመስተዋቱ ላይ ይቀበል። ልጆች የደሙን መልክ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም መወፈሩንና መጥቈሩን ይመልከቱ፤ ያዩትንም በደብተራቸው ይጻፉ። በማግሥቱ በተወጋው ስፍራ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ሁለተኛው ትል ሳይወጋ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ።

ለአንድ ክፍል አንድ የተወጋ ትል ይበቃል፤ ልጆች ፍጥረትን ያለ ምክንያት ማሠቃየትን እንዳይለምዱ መምህሩ ይጠንቀቅ። ቅማል፣ ትንኝ ወይም ሌላ ደም የሚጠጣ ነፍሳ ለዚህ ሙከራ ፈጽሞ አይወሰድ። ሙከራው ሲፈጸም ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መርፌውም እንደገና በእሳት ይጋል።

በመጨረሻም መምህሩ የትሉን ቍስል ከሰው ቍስል ጋር ያስተያይ። በሰው አካልም ደም ሲረጋ ክሮች ይሠራሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ቍስሉ መጥተው ባክቴሪያን ይውጣሉ። ነገር ግን በቍስሉ ውስጥ ጭቃ፣ እበት ወይም አመድ የከተተ ሰው ለጠባቂዎቹ ሊችሉት የማይችሉትን ብዙ ጠላት በገዛ እጁ ያስገባባቸዋል። ቍስልን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ደሙ የዠመረውን ሥራ መርዳት ነው።

ጥያቄዎች

1. የአብዛኛዎቹ ነፍሳት ደም የማይቀላው ስለ ምንድን ነው?
2. ባለ ቅንጣት ሕዋሳት በቍስል ጊዜ ምን ያደርጋሉ? ባክቴሪያስ በገባ ጊዜ?
3. ጥሬ ድንች ሲቈረጥ የሚጠቍረው፣ የተቀቀለው ግን የማይጠቍረው ለምንድን ነው?
4. በሰም ትል ደም ውስጥ ቋጠሮ እንዴት ይሠራል? በስንት ሰዓትስ ይፈጸማል?
5. ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የትሉን ጥበቃ የሚያሸንፈው በምን መንገድ ነው?
6. ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ የሚጐዳው እንዴት ነው? በእርሱ ፈንታስ ምን ማድረግ ይገባል?